በአንድ ግድብ ውኃ ውስጥ የዓሣ ዝርያዎች ስብጥር ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚለያይበት ምክንያትና ጉዳዩን በደረቅ አካባቢ ትምህርት ቤቶች ስለ ማስተማር

በጅግጅጋና በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ከተሞች፣ ማለትም በሽንሌ፣ በኤረር፣ በደወሌ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ የሚያስተምር የሥነ ሕይወት መምህር በውኃ ውስጥ ስለሚኖሩ እንስሳት የሚናገረውን ምዕራፍ ሲጀምር አንድ የታወቀ ችግር ይገጥመዋል። ተማሪው ግመልን በዕድሜዋ፣ በጾታዋ፣ በወተቷና በጠባይዋ ለይቶ የሚጠራባቸው ቃላት ሞልተውታል፤ ዓሣን ግን በጠቅላላው «ካሉን» ብሎ ያልፋል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ከሐረርጌ ደጋ ወደ ሰሜን የሚወርዱት ወንዞች ከሽንሌ ሜዳ ሲደርሱ በአሸዋ ውስጥ ይሰርጋሉ፤ በጅግጅጋ በኩል ያሉት የጀረርና የፋፈን ሸለቆዎችም የሚጎርፉት በዝናብ ወራት ነው። ዘላቂ ውኃ ብርቅ በሆነበት አገር የዓሣ ስም አለመበርከቱ የሚጠበቅ ነው።

ችግሩ የሚመጣው መምህሩ ይህን ክፍተት ከሚሞላበት መንገድ ነው። ብዙውን ጊዜ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት «በዚህ ግድብ ውስጥ እነዚህ እነዚህ ዓሣዎች ይገኛሉ» የሚል ዝርዝር ይሆናል። ተማሪው ዝርዝሩን በቃሉ ያጠናል፤ በፈተና ጊዜም ይመልሳል። ከዝርዝሩ የሚያገኘው ሥዕል ግን የተሳሳተ ነው፤ ግድብ ማለት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውኃ የሞላበት፣ ዓሣውም እንደ ጨው በእኩል የተበተነበት ትልቅ ጋን ይመስለዋል። ይህ ሥዕል ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ አይለየውም። አድጎ የግብርና ባለሙያ ወይም የፕላን ሠራተኛ ሲሆን ከግድቡ ግንብ አጠገብ በተጣለ አንድ መረብ የሰፊውን ውኃ ሀብት ለመገመት፣ በግምቱም ላይ ተመሥርቶ የዓሣ ማስገሪያ ቦታና ወቅት ለመወሰን ይነሣል። ስሕተቱ የሚታወቀው ዓሣው ካለቀ በኋላ ነው።

ወንዝ ግድብ ውስጥ ሲገባ

ግድብ ከተፈጥሮ ሐይቅ የሚለይበት ዋና ነገር አንዱ ጫፉ ወንዝ፣ ሌላው ጫፉ ሐይቅ መሆኑ ነው። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ለውጥ ድንገተኛ አይደለም፤ ቀስ በቀስ የሚሆን ነው። በመሆኑም ሊቃውንት አንድን ግድብ በሦስት ክፍሎች ለይተው መመልከትን ለምደዋል። እነዚህም ወንዙ የሚገባበት ወንዛዊ ክፍል፣ መካከለኛው የመሸጋገሪያ ክፍልና ከግንቡ አጠገብ ያለው ሐይቃዊ ክፍል ናቸው። ድንበራቸው በካርታ ላይ በመስመር የሚታሰር አይደለም። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ወንዛዊው ክፍል ወደ ግንቡ ገፍቶ ይሄዳል፤ በበጋ ደግሞ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።

የለውጡ መነሻ የውኃው ፍጥነት ነው። የሚሮጥ ውኃ ጠጠርም አሸዋም ደለልም መሸከም ይችላል። ወንዙ ከግድቡ ጸጥተኛ ውኃ ጋር ሲገናኝ ፍጥነቱ ይቀንሳልና ሸክሙን በክብደት ተራ ያራግፋል። በቅድሚያ ጠጠሩ፣ ከዚያም አሸዋው፣ በመጨረሻም ደቃቁ ደለል ይቀመጣል። ከሁሉም የደቀቀው ጭቃ ውኃው ውስጥ እንደ ተንሳፈፈ ወደ መካከል ይዘልቃል። ስለዚህ በወንዙ መግቢያ ውኃው ድፍርስ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ጠልቆ አይገባም፤ ነገር ግን ከየማሳው ታጥቦ የመጣ ብዙ የአፈር ለምነት ይዟል። በመካከለኛው ክፍል ድፍርስነቱ ይቀንሳል፤ ለምነቱ ግን ገና አላለቀም። ብርሃንና ለምነት በአንድነት የሚገኙት በዚህ ስለሆነ በዓይን የማይታዩት ተንሳፋፊ ዕፅዋት፣ እነርሱንም የሚበሉት ደቂቅ እንስሳት ብዙውን ጊዜ የሚበረክቱት በዚሁ ክፍል ነው። ከግንቡ አጠገብ ሲደረስ ውኃው ጥልቅና የጠራ ይሆናል፤ ለምነቱ ግን ቀንሷል። ጥልቀቱ ከፍ ባለና ነፋስ በማያናውጠው ግድብ ውስጥ ደግሞ ሞቃቱ ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ይደረደራል፤ ከታች ያለው የበሰበሰ ነገር ኦክሲጂኑን ስለሚጨርሰው ዓሣ የማይኖርበት ሽፋን ይፈጠራል። ለተመልካች ትልቁ ውኃ ያለው ከግንቡ አጠገብ ነው፤ ለዓሣው ግን የዚህ ውኃ ግማሹ ባዶ ቤት ሊሆን ይችላል።

ዳርቻው ራሱን የቻለ ሌላ ዓለም ነው። ጥልቀት የሌለው፣ ሣርና ቄጠማ ያለበት፣ ቶሎ የሚሞቅ ውኃ ለጫጩት ዓሣዎች መሸሸጊያና የምግብ ቦታ ነው። ይሁን እንጂ የግድብ ዳርቻ እንደ ተፈጥሮ ሐይቅ ዳርቻ የረጋ አይደለም። ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ወይም ለመስኖ ውኃው ሲለቀቅ ትናንት ውኃ የነበረው ቦታ ዛሬ ደረቅ መሬት ይሆናል። በጥልቀት አልባ ውኃ ጎጆውን የቆፈረ ዓሣ ጎጆውን አየር ላይ ትቶ ይሸሻል።

የቆቃ ምሳሌ

ለኢትዮጵያ መምህር ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ የቆቃ ግድብ ነው። ግድቡ በአዋሽ ወንዝ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረ ሲሆን ከኋላው የተጠራቀመው ውኃ የገሊላ ሐይቅ በመባልም ይታወቃል። ዋናው ውኃ በአዋሽ በኩል ይገባል፤ ከሰሜን ደግሞ የሞጆ ወንዝ ይቀላቀለዋል። ሁለቱ መግቢያዎች እንኳ እርስ በርሳቸው አንድ አይደሉም። አዋሽ ከላይኛው ተፋሰስ ሰፊ የእርሻ መሬት ብዙ ደለል ይዞ ይመጣል፤ የሞጆ ወንዝ ደግሞ ቆዳ ፋብሪካዎች በሚገኙባት ከተማ አጠገብ አልፎ የሚመጣ ነው። ደለሉ ከግድቡ የመያዝ አቅም ጉልህ የሆነውን ክፍል ወስዶበታል። እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረምም ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ውኃ ላይ ይታያል፤ ነፋስና ጎርፍ እየገፉት ሲከማች ከሥሩ ያለው ውኃ ብርሃንና ኦክሲጂን ያንሰዋል።

በቆቃ በብዛት የሚታወቁት ዓሣዎች ጥቂት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ አጥማጆች ቢልጫ የሚሉት የባርበስ ወገንና ከውጭ አገር የገባው ካርፕ። መምህሩ እነዚህን አራት ስሞች ጽፎ ቢያልፍ ከላይ የተነቀፈውን ዝርዝር ደገመ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ዓሣ አኗኗር ሲታይ ግን ዝርዝሩ ወደ ካርታ ይለወጣል።

ቢልጫ የወንዝ ልጅ ነው። በሐይቁ ውስጥ እየተመገበ ቢያድግም እንቁላሉን ለመጣል ኦክሲጂን የሞላበት የሚፈስ ውኃና ንጹሕ ጠጠር ይፈልጋል፤ ስለዚህ በዝናብ ወራት ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰብና ወደ ላይ ይወጣል። ቆሮሶ በተቃራኒው የዳርቻ ዓሣ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷ የተፀነሱትን እንቁላሎች በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ወንዝ አያስፈልጋትም። ግድብ በተሠራ ቁጥር ቆሮሶ የሚበለጽግበት ምስጢር ይኸው ነው። አምባዛ ከውኃ ሌላ ከአየርም የሚተነፍስበት አካል ስላለው ሌላው ዓሣ በሚታፈንበት ድፍርስና ረግረጋማ ቦታ ይኖራል፤ ጎርፍ አዲስ ያጥለቀለቀው ሣር ደግሞ የመራቢያ ቦታው ነው። ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ የሚመገብ በመሆኑ ደለል በተኛበት ለስላሳ ወለል ይመቸዋል፤ በቁፋሮውም የጠራውን ውኃ መልሶ ያደፈርሳል።

ከዚህ በመነሣት በወንዙ መግቢያ፣ በተለይም በክረምት፣ ቢልጫና አምባዛ፣ በሣራማው ዳርቻ ቆሮሶና የሁሉም ጫጩቶች፣ በደለላማው ወለል ካርፕ ሊያይሉ እንደሚችሉ ተማሪው ራሱ ማሰብ ይችላል። የመሸጋገሪያው ክፍል ብዙ ዝርያዎችን አንድ ላይ የሚያገናኘውም የራሱ የተለየ ዓሣ ስላለው ሳይሆን የወንዙና የሐይቁ ዓሣዎች እዚያ ስለሚገናኙ ነው፤ ነገሩ ደገኛውም ቆለኛውም ከሚወጣበት ከጠረፍ ገበያ ጋር ይመሳሰላል። ተቃራኒ ሁኔታም እንዳለ መዘንጋት አይገባም። ደለል ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ የበዛበት የወንዝ አፍ ከሁሉም ክፍል የደኸየ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «መግቢያው ሁልጊዜ ሀብታም ነው» ተብሎ የሚጻፍ ሕግ የለም፤ ሕጉ ክፍሎቹ ይለያያሉ የሚለው ብቻ ነው።

ባዶ የቀረው መካከል

በአፍሪካ ግድቦች ላይ በግልጽ የታየ አንድ ሌላ ነገር አለ። የግድብ ዓሣዎች በመጀመሪያ የወንዝ ዓሣዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ዳርቻን፣ ወለልን ወይም ጅረትን ተጠግተው መኖር የለመዱ ናቸውና በድንገት የተፈጠረው ሰፊና ጥልቅ መካከል ባለቤት አያገኝም። በዛምቤዚ ወንዝ ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1963 የሞላው የካሪባ ሐይቅ የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ሐይቁ ተከታታይ በሆኑ አምስት ክፍሎች የሚለይ ሲሆን ዛምቤዚ በሚገባበት የላይኛው ክፍል ወንዝ ለመድ ዓሣዎች ይበረክታሉ፤ ወደ ግንቡ በተጠጋ መጠን እነዚሁ ዓሣዎች ይሳሳሉ። መካከሉ ባዶ መሆኑ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ1967ና በ1968 ከታንጋኒካ ሐይቅ ካፔንታ የተባለች ትንሽ ሰርዲን መጥታ ተለቀቀች። ዓሣዪቱ በባዶው ውኃ ተራብታ በዛምቢያና በዚምባብዌ በኩል ትልቅ የዓሣ ማስገር ሥራ የተመሠረተው በእርሷ ላይ ነው። የፕላን ሠራተኞች ከዚህ የሚያገኙት ቁም ነገር «ዓሣ ከውጭ አምጥቶ መልቀቅ መልካም ነው» የሚል አይደለም፤ ብዙ አገሮች በዚህ አድራጎት ተጎድተዋል። ቁም ነገሩ የካሪባ ውሳኔ የሐይቁን ክፍሎች ለይቶ በማየት ላይ መመሥረቱ ነው።

ከፋፈን እስከ ዋቢ ሸበሌ

የጅግጅጋ ተማሪ ቆቃም ካሪባም ሩቅ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን እርሱ በየጊዜው የሚሻገራቸው የደረቁ ሸለቆዎች የዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ አካል ናቸው። ጀረርና ፋፈን ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚያመሩት ወደዚያው ወንዝ ነው፤ ከብርቱ ጎርፍ ጊዜ በቀር ግን ውኃቸው ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል። የሽንሌ ተማሪ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው፤ በእርሱ አገር ያለው ጎርፍ ፊቱን ያዞረው ወደ ሰሜን፣ ወደ አፋር ዝቅተኛ ቦታ ነው። በአንድ ክልል ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎች በሁለት የተለያዩ የውኃ አገሮች ውስጥ መኖራቸውን ካርታ ዘርግቶ ማሳየት የትምህርቱ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል።

በዚሁ በዋቢ ሸበሌ ላይ፣ በላይኛው ደጋ፣ በአዳባና በዶዶላ አካባቢ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተሠራው የመልካ ዋከና ግድብ ይገኛል። የማመንጨት አቅሙ 153 ሜጋ ዋት ነው። ዋቢ ራሱና ከባሌና ከአርሲ ተራሮች የሚወርዱ ሌሎች ወንዞች በየአቅጣጫው ስለሚገቡበት ወንዛዊ ክፍሉ አንድ ሳይሆን ብዙ ነው ማለት ይቻላል። ግድቡ በከፍታ ላይ ያለ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ከበታቹ ደግሞ ወንዙ በገደል እየተወረወረ ይወርዳል፤ ይህ ገደል ከቆላ ወደ ላይ ለሚወጣ ዓሣ ደጃፉን የዘጋ መሰናክል ነው። ወንዙ ኢሚንና ጎዴን አልፎ ወደ ቀላፎና ሙስታሂል ሲወርድ ሰፊና ሞቃት ይሆናል፤ በዚያም እንደ ላቤዮ፣ ባግረስና ሲኖዶንቲስ ያሉ በደጋው ግድብ የማይጠበቁ የቆላ ዓሣዎች አሉ። በአንድ ወንዝ ላይ ያለው ልዩነት ይህን ያህል ከሆነ «በዋቢ ሸበሌ የሚገኙ ዓሣዎች» ተብሎ በአንድ ሠንጠረዥ የሚጻፈው ዝርዝር ምን ያህል እንደሚሸሽግ መገመት አያዳግትም።

በነገራችን ላይ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ማውጣት ለለመደ ሕዝብ የሚማርክ አንድ ነገር አለ። በጎረቤት ሶማሊያ ከምድር በታች ባለው ውኃ ውስጥ ዓይን የሌላቸው ዓሣዎች መኖራቸው ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳይንስ የታወቀ ነው። ብርሃን በማይደርስበት ውኃ ዓይን ጥቅም የለውምና ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠፋ ሄደ። ከዓሣ ርቆ የኖረ የሚመስለው አገር በእግሩ ሥር ከዓለም ብርቅ የሆነ ዓሣ አለው ብሎ ትምህርቱን የጀመረ መምህር የክፍሉን ጸጥታ በቀላሉ ያገኛል።

ስለ አቆጣጠር

ክፍሎቹ ይለያያሉ ካልን ልዩነቱ በምን ይለካል የሚል ጥያቄ ይከተላል። የዝርያዎችን ቁጥር ብቻ መቁጠር አይበቃም። ለምሳሌ ያህል በሁለት ቦታዎች መረብ ተጥሎ በእያንዳንዱ 40 ዓሣ፣ በእያንዳንዱም 4 ዝርያ ተገኘ እንበል። በመጀመሪያው መረብ 37 ቆሮሶና ከሌሎቹ ሦስት ዝርያዎች አንድ አንድ ብቻ አለ። በሁለተኛው ከእያንዳንዱ ዝርያ 10 አለ። በዝርያ ቁጥር ሁለቱ እኩል ናቸው፤ በእውነቱ ግን እኩል አለመሆናቸውን ማንም ያያል።

ይህን በቁጥር ለመግለጽ ቀላል መንገድ አለ። ዓይንን ጨፍኖ ከመረቡ ሁለት ዓሣ ቢወጣ ሁለቱ የተለያየ ዝርያ የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? በመጀመሪያው መረብ ዕድሉ ከመቶ 15 ገደማ ነው፤ በሁለተኛው ከመቶ 77 ገደማ ነው። ለዚህ ሙከራ ዓሣ አያስፈልግም። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ባቄላና ሽምብራ በሁለት ከረጢቶች በተባለው ልክ ጨምሮ ተማሪዎች ተራ በተራ ሁለት ሁለት ፍሬ እያወጡና እየመለሱ መቶ ጊዜ ቢመዘግቡ ውጤቱ ከተሰላው ቁጥር ጋር ይቀራረባል። ሙከራው ከሒሳብ መምህሩ ጋር በጋራ ሊሰጥ የሚችል ነው፤ የዕድል ስሌት በደረቁ ከሚማሩት ይልቅ በዚህ መልክ በተሻለ ይገባቸዋል።

ከዚህ ላይ ስለ መረቡ ራሱ መናገር ያስፈልጋል። ዓሣ በእግሩ መጥቶ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው መሣሪያው የያዘው ነው። ዓይኑ ሰፊ የሆነ መረብ ትንንሾቹን ያሳልፋል፤ በአንድ ቦታ ተዘርግቶ የሚቆም መረብ የሚንቀሳቀሰውን ዓሣ እንጂ ተሸሽጎ የሚቀመጠውን አይዝም፤ ሌሊት የሚገኘው ከቀን ይለያል። ስለዚህ የግድብን ክፍሎች ማወዳደር የሚቻለው በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መረብ፣ ለእኩል ሰዓት፣ በተመሳሳይ ወቅት ሲጣል ነው። በአንዱ ክፍል በክረምት፣ በሌላው በበጋ የተሰበሰበ ቁጥር ተደርድሮ ቢቀርብ የሚያሳየው የቦታን ልዩነት ይሁን የወቅትን ማንም ሊለየው አይችልም። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ በሪፖርት ላይ መልክ ያምራል፤ ጥቅሙ ግን ከመልኩ አያልፍም።

ለፕላን ሠራተኞች የሚበጀው

መረብ ለመጣል የሚቀለው ከግንቡ አጠገብ ነው። መንገድ የሚደርሰው፣ ጀልባ የሚታሰረውና ዘበኛ የሚገኘው እዚያ ነው። ስለዚህም ከአንድ ግድብ የሚገኘው መረጃ ብዙውን ጊዜ ወደ ሐይቃዊው ክፍል ያዘነብላል። በዚህ የሚጎዱት በቁጥር ሳይታዩ የሚቀሩት ወንዝ ለመድ ዓሣዎች ናቸው።

ጉዳቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል በጣና ሐይቅ ታይቷል። ጣና ግድብ ባይሆንም የወንዝ አፍ ጉዳይ በዚያ ያው ነው። የጣና ቢልጫዎች በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ በርካታ ዝርያዎችን ያቀፉ ሲሆኑ ከእነርሱ ብዙዎቹ በነሐሴና በመስከረም እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ለመራባት ይሄዳሉ። በዚያው ጊዜ በወንዞቹ አፍ መረብ የሚጥል አጥማጅ ዓሣውን በእንቁላል እንደ ተሞላ ያፍሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሣዎች ሀብት ወደ ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ጥናት አረጋግጧል። በዚያ ዘመን ሐይቁን ከመካከሉ ብቻ ያየ ሰው ገና ብዙ ዓሣ አለ ማለቱ አይቀርም ነበር። በጥቂት የወንዝ አፎች ላይ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ማስገርን መከልከል ሰፊውን ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ ከመቆጣጠር በብዙ ይቀላል፤ ነገር ግን ይህን ለማድረግ የትኛው ክፍል ለምን እንደሚያገለግል አስቀድሞ ማወቅ ያሻል።

በሰሜኑ የሶማሌ ክልል የሚታየው የውኃ ማጠራቀሚያ በአብዛኛው አነስተኛ ነው፤ ለከብት ማጠጫ የሚቆፈር ኩሬና በሲሚንቶ የሚሠራ ቢርካ። ቢርካ ከላይ የተባለው ሁሉ የማይሠራበት ውኃ ነው። ወንዝ አይገባበትም፤ ዳርቻ የለውም፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወለሉም አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ለዝርያ ልዩነት ቦታ የለውም። ለማስተማር ግን ይጠቅማል፤ ክፍሎች የሌሉት ውኃ ምን እንደሚመስል ያሳያልና። በተጨማሪም ይህ ዓይነቱ ውኃ የትንኝ እጭ መኖሪያ ነው። በሰው ሠራሽ ማጠራቀሚያ መራባት የሚወድ፣ ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሐር መገኘቱ፣ በድሬዳዋም በ2022 ለተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። የቀይ ባሕር ዳርቻ ተወላጅ የሆነች አንዲት ትንሽ ዓሣ በአሰብ ከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ እጭ ለማጥፋት ተሞክራ መልካም ውጤት ማሳየቷ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተሠራ ሥራ ነው። ቢርካ ውስጥ ዓሣ ስለ ማስገባት የሚነሣ አሳብ ቢኖር የጤናና የግብርና ባለሙያዎች በጋራ የሚመክሩበት እንጂ ትምህርት ቤት በራሱ የሚሞክረው አይደለም።

በክፍል ውስጥ

ለሽንሌም ለጅግጅጋም የሚሆን ከሁሉ የቀለለው ሥራ የገንዳ ሙከራ ነው። አንድ ረዥም ቆርቆሮ ወይም ለሁለት የተሰነጠቀ ቧንቧ በትንሹ ዘንበል ተደርጎ ጫፉ ሰፋ ባለ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ከሸለቆ የመጣ ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ የተቀላቀለበት ውኃ ከላይ ይፈስበታል። ጠጠሩ የት እንደ ቀረ፣ አሸዋው የት እንደ ተኛ፣ ውኃው የት ላይ እንደ ጠራ ተማሪዎች በዓይናቸው ያያሉ፤ ከዚያም በየቦታው የትኛው ዓሣ እንደሚስማማው ስሙን በወረቀት ጽፈው ያስቀምጣሉ። ከካረን ዝናብ በኋላ በሸለቆው ውስጥ ጎርፉ ትቶት የሄደውን የአሸዋና የጭቃ አቀማመጥ ወርዶ ማየት ለዚሁ ሙከራ ማረጋገጫ ነው። ጉዞው ጎርፉ ፈጽሞ ካለፈና ሰማዩ ከጠራ በኋላ ብቻ መሆን አለበት፤ በላይ አገር የዘነበ ዝናብ በታች ፀሐይ ሳለ ይደርሳልና። ልጆችን ወደ ቢርካ አፋፍ መውሰድ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ ውኃው በባልዲ ተቀድቶ ወደ ክፍል ቢመጣ ይበቃል።

በአንደኛ ደረጃ የማስተማሪያው ቋንቋ ሶማሊኛ በመሆኑ መምህሩ ለክፍሎቹ ስም ሲያወጣ ከመጽሐፍ ቃል ከመዋስ በፊት ሽማግሌዎችን ቢጠይቅ ይጠቀማል። አርብቶ አደሩ ጎርፍን፣ የቆመ ውኃን፣ በአሸዋ ውስጥ የሚቆፈርን ውኃና የጉድጓድ ውኃን በየስሙ ለይቶ ያውቃል፤ ይህ እውቀት የዓሣን ስም ባያካትትም ውኃ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አብልጦ ያስረዳል።

ፈተናውም ከዚህ ጋር መስማማት አለበት። «በቆቃ ግድብ የሚገኙ አራት ዓሣዎችን ጥቀስ» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «በነሐሴ ወር በአዋሽ መግቢያና በሣራማው ዳርቻ አንድ ዓይነት መረብ ቢጣል በሁለቱ ውስጥ የሚገኘው ዓሣ የሚለያይባቸውን ሁለት ምክንያቶች ጻፍ» ቢባል ተማሪው የሚመልሰው በቃሉ ካጠናው ሳይሆን ከገንዳው ሙከራ ካየው ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲታረም የዓሣውን ስም የሳተ፣ ምክንያቱን ግን በትክክል የጻፈ ተማሪ አብዛኛውን ነጥብ ማግኘት አለበት፤ ስሙን ብቻ የጻፈው ደግሞ ከግማሽ በታች።